ለአጋዘን አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃና ጥይት ስለመምረጥ

ጥያቄ (ከደሴ)

የተከበራችሁ የአገሬ ልጆች፣ ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ይኖራል። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሚዩል ዲር የተባለውን ጆሮ ትልቁን አጋዘን በጥቅምት ወር ለማደን ፈቃድ አውጥቷል። አባታችን ምንሽሩን ሲፈታና ሲወለውል አጠገቡ ሆኜ ያደግሁት እኔ ስለሆንኩ ምክር የጠየቀው እኔን ነው፤ የእኔ ዕውቀት ግን ከምንሽርና ከክላሽ አያልፍም። የሚያድንበት ተራራ ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ፣ ዳገቱም ከወሎው ተራራ ከጉጉፍቱ የማይተናነስ በመሆኑ ቀላል ጠመንጃ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ተኩሳ የማታውቀው ባለቤቱም በዚያው ጠመንጃ ልትጠቀም አስባለች። ክብደቱ ምን ያህል ቢሆን ይመረጣል? የትኛው ጥይት ይስማማል? በርካሽ የሚገኘው የክላሽ ጥይትስ ለዚህ ሥራ ይሆናል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

በሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገለገልኩ ነኝ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እንስሳውን የሚያሠቃየው ስሕተት በብዛት የሚፈጸመው በዚህ ላይ ነው። ለጦርነት የተሠራው የክላሽ ጥይት አረሩ ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለሆነ ሲመታ አይሰፋም፤ ሥጋውን በስቶ ያልፋል፣ አጋዘኑም ቆስሎ ጫካ ይገባና አዳኙ ሳያገኘው ሲማቅቅ ቆይቶ ይሞታል። የኮሎራዶ ሕግም አይፈቅደውም። ለአጋዘን የሚተኮሰው አረር ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት፣ ውፍረቱ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም ከ70 ግሬን፣ ማለትም ከ4.5 ግራም ገደማ ያላነሰ መሆን አለበት። የሚሰፋ አረር ያለው የክላሽ ጥይት ይሸጣል፤ ሆኖም ከ150 ሜትር በላይ ጉልበቱ ስለሚደክም ለገላጣ ተራራ አልመክረውም።

ክብደቱን በተመለከተ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ሳይገጠምለት ከ2.7 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ ይበቃዋል። የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይትና የአሜሪካው ሩገር አሜሪካን እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ መነጽሩና ማንገቻው ሲጨመር ወደ 3.5 ኪሎ ይጠጋሉ። ከ2.5 ኪሎ በታች የሆኑም አሉ፤ ነገር ግን ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ ትከሻን የሚመታው ግፊት ይበረታል፣ ግፊቱን የፈራ ተኳሽ ደግሞ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ባለቤቱ ጀማሪ ከሆነች፣ ከመጠን በላይ ቀላል የሆነ ጠመንጃ ገና በመጀመሪያው ቀን ተኩስን ያስጠላታል። የሰደፉ ርዝመትም ለእርሷ ክንድ የሚስማማ መሆኑን በሱቁ ውስጥ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትሞክረው።

መልስ (ከወልድያ)

ፔንስልቬንያ ስኖር አጋዘን አድኛለሁ። ወንድሜ ከኮምቦልቻ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጥይቱ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው .308 ዊንቸስተር እኛ አገር ከሚታወቀው ከጂ ስሪ ጠመንጃ ጥይት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በየትኛውም ትንሽ ከተማ ይገኛል፣ አጋዘንንም ያለ ጥርጥር ይጥላል። ለሁለቱ ባልና ሚስት ግን የምመርጠው 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን የተባለውን ነው። ቀለሁ የ.308 ሆኖ አፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ 140 ግሬን፣ ማለትም 9 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ይዞ ትከሻን በመጠኑ ብቻ ይገፋል። ሱቁ ውስጥ ካጡት 6.5 ክሪድሙር በእኩል ደረጃ ያገለግላቸዋል። .243 ዊንቸስተር ከሁሉም ለትከሻ የሚቀል ቢሆንም፣ ትንሹ አረር የቦታ ስሕተትን ስለማይታገሥ ለጀማሪ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። ማግነም የሚል ስም ያለውን፣ ባሩዱ የበዛና ግፊቱ ኃይለኛ የሆነ ጥይት በዚህ ቀላል ጠመንጃ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ከጥይቱ ስም ይልቅ የሚመታበት ቦታ ይበልጣል። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ቁመት ከታች በኩል ሲሶው ላይ የተተኮሰ አረር ልብንና ሳንባን ያገኛል። ጀርባውን ሰጥቶ ወይም እየሮጠ ከሆነ አይተኮስም።

መልስ (ከከሚሴ)

ሥጋው ለልጆች የሚቀርብ ከሆነ ከመዳብ ብቻ የተሠራውን አረር ይግዛ። የእርሳስ አረር ሲመታ ይሰባበርና በዓይን የማይታይ ቅንጣቱ ከቁስሉ ርቆ ሥጋ ውስጥ ይቀራል፤ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ሙስሊም ከሆነም ሲተኩስ ቢስሚላህ ይበል፤ የአጋዘኑ ነፍስ ሳትወጣ ከደረሰበት ማረዱ አይቀርም።

ጥያቄ (ከደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህም ይስጥልኝ። ወንድሜ ከርሞ ሲመጣ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ውስጥ ድኩላ ማደን ይችል እንደሆነም ጠይቆኛል።

መልስ (ከመካነ ሰላም)

በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ላይ ነኝና ይህን አጥብቄ እመልሳለሁ፤ አይችልም። የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ማደን ክልክል ነው። በአገራችን ሕጋዊ አደን የሚካሄደው በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ፈቃድ ተወስዶ፣ ለአደን በተከለሉ ሥፍራዎች ብቻ ነው። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስቀጣል። በዚያ ጫካ ከድኩላው ሌላ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አሉ፤ የተረፉት በብዙ ሰዎች ድካም ስለሆነ፣ እባክዎን ይህን ሐሳብ ከልቡ ያስወጡልኝ።

ጥያቄ (ከደሴ)

ተረድቻለሁ፤ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። የቀረኝ የመነጽሩ ነገር ነው።

መልስ (ከወልድያ)

ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ቀላል መነጽር ይብቃው፤ ትልቁ መነጽር የጠመንጃውን ቅለት ይበላበታል። ጥይቱ በ200 ሜትር ላይ ነጥቡን እንዲመታ ካስተካከለው፣ በ300 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚወድቅ፣ በልምምድ ሜዳ ራሱ ተኩሶ ሳያረጋግጥ ከ200 ሜትር አይለፍ። ለአደኑ የሚይዘውን ጥይት እንጂ ሌላ ርካሽ ጥይት ተኩሶ መነጽሩን አያስተካክል፤ የእያንዳንዱ ጥይት ማረፊያ ይለያያል። ጠመንጃው በመኪና ተጉዞ ተራራው ሥር ሲደርስም፣ አደኑ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቀን ሁለት ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሶ ነጥቡ አለመዛነፉን ይይ።