ለድሬ የተዋጣው ገንዘብ ለጥበቃ ይዋል ወይስ ለልጆቹ?

የከዚራ ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ፦

ሰላም የድሬዳዋ ልጆች። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ሳንጨርሰው የተበተንበትን ጉዳይ እዚህ እንቋጨው። ዘንድሮ ለዕረፍት አገር ገብቶ የመጣ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። ሲመሽ በእግር መንሸራሸር ቀርቷል፣ ስልክ ይነጠቃል፣ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች በየበረንዳው ተኝተዋል። የኔ ሐሳብ፣ ያዋጣነውን ለሰፈር ጥበቃ፣ ለመንገድ መብራትና ለካሜራ እንስጥ። ልጆቹን መንግሥት ያንሳቸው። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ።

የደቻቱ ልጅ፣ ዴንቨር፦

መብራቱን ተቀብዬሃለሁ አቦ። ጥበቃውም ቢሆን ክፋት የለውም። ስልኩን የተነጠቀ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ድህነት የሚሰብክ ሰው እኔንም ያናድደኛል። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ቸርችራ ልጅ የምታሳድግ እናት መቀነቷ ተቆርጦ የቀን ገቢዋ ሲወሰድ፣ ሌባው አባት የለውም ብትላት ምን ይፈይድላታል? ሌባ ሌባ ነው። ፖሊስ ይያዘው፣ ዳኛ ይየው።

ያልተዋጠልኝ «ልጆቹን መንግሥት ያንሳቸው» የምትለው ነው። አንስቶ የት ያድርሳቸው? እንግዳ ሲመጣ ወይም ስብሰባ ሲደርስ በመኪና ጭኖ ከከተማ ማውጣትን በአገራችን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው በረንዳ ላይ ናቸው። ሕጉም አለ፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996። በዚያ አዋጅ የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት የለውም። ይህችን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ባለፈው አገር ስገባ አንድ ምሽት ታይዋን የምንለው የድሬ ገበያ ሱቆች ሲዘጋጉ ቆሜ አየሁ። ሞቅ ያለ ሌሊት ነው፣ መቼም ድሬ ብርድ ስለሌለ ጎዳና ማደር ከደጋው ይቀላል፤ ልጆቹ ከሐረርጌ ወረዳዎች ሁሉ ወደ እኛ የሚወርዱት አንድም ለዚህ ይመስለኛል። ዘበኛው ካርቶኑን አንጥፎ የቀረችውን የጫት ገራባ ያላምጣል። ልጆቹ አንድ በአንድ መጥተው አጠገቡ ይጋደማሉ። አንደኛው ቀኑን ቀፊራ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ነው፣ የዱቄቱ ብናኝ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው። ከመተኛቱ በፊት የሠራትን ብር ቆጥሮ ለባለሱቁ ሰጠው። እሱ ዘንድ ካደረች ትልልቆቹ ይቀሙታላ። ባለሱቁ በደብተር ይዞለታል፣ ስሙን ከላይ ጽፎ። ከዚህ ልጅ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ በሃይላንድ ውስጥ ማስቲሽ የያዘው ተኝቷል። ከእነሱ ወዲያ ያለው፣ ዘበኛው እንደነገረኝ፣ ስልክ የሚያሯሩጥ ነው። አፈሳ ሲመጣ መኪናው ሦስቱንም እኩል ይጭናል። ሌባው ግን መሸሽ ያውቅበታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ተሸካሚው ነው፣ ደክሞት ስለሚተኛ።

ባለሱቁን «ታምነዋለህ?» አልኩት። «ዕቃ ሲያወርድልኝ ጎድሎብኝ አያውቅም» አለኝ። «እንግዲያው የሆነ ቦታ ቢቀጠር ተያዥ ትሆነዋለህ?» ስለው ሳቀብኝ። «መታወቂያ የለው፣ ዘመድ የለው፣ ነገ ከጠፋ ማንን ልጠይቅ?»

እዚህ ላይ ነው የኔ ነገር። ያ ልጅ ሥራ አያንሰውም፣ ከእኔም ከአንተም በላይ ይሠራል። የሌለው ዋስ ነው፣ ያዝልኝ ያልኩህ ነገር ይኸው ነው። ለመታወቂያ ቀበሌ ሲሄድ ከመጣህበት መሸኛ አምጣ ይሉታል። መሸኛውን የሚሰጠው ደግሞ በልጅነቱ ጠፍቶ የወጣበት ወረዳ ነው። መታወቂያ ከሌለ ቤት የሚያከራየው የለም፣ ጥበቃ ሆኖ እንኳ አይቀጠርም። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም በ2009 ሲጀመር ከገቡት 11 ከተሞች ድሬም ሐረርም ነበሩበት። ለጎዳና ነዋሪዎች የተለየ ክፍል ነበረው፣ አልክድም። ብዙው ሰው የታቀፈው ግን በቀበሌ ነዋሪነቱ ታውቆ በአካባቢ ልማት ሥራ ነው። በረንዳ የሚያድር ልጅ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ይባላል?

እኛስ እዚህ እንዴት ነው የገባነው? እኔ ዴንቨር ስመጣ ክሬዲት የለኝም፣ የሥራ ታሪክ የለኝም፤ ቤት አከራዮቹ ፎርሜን አይተው ይመልሱልኝ ነበር። አንድ የነምበር ዋን ሰፈር ልጅ፣ እናቱን በዝና ብቻ የማውቃት፣ አብሮኝ ፈረመ። ባልከፍል የሚጠየቀው እሱ ነበር። ይህንን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ የሰው አድራሻ ተጠቅሞ ፖስታ ያልተቀበለ፣ ሰው ሳሎን ያላደረ ስንት አለ? እነዚያ ልጆች ከእኛ የሚለዩት ማን ፈረመላቸው በሚለው ነው እንጂ በሌላ አይመስለኝም።

ማባረሩ ይሠራል የሚል ካለ ደግሞ ያለሁበትን ከተማ ይይ። ዴንቨር በ2012 (የዚህ አገር ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደጅ ድንኳን ተክሎ ማደርን ከለከለች። በ2019 ክልከላው ይነሳ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ከአምስት አራቱ አይነሳም አለ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ድንኳኖቹ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ኖሩ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ሐበሾች ያውቁታል። የከተማው ከንቲባ በ2023 ሆቴሎች አዘጋጅቶ በመንፈቅ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ካስገባ በኋላ ነው መሐል ከተማው የተነፈሰው። ወጪው ብዙ ነው፣ የሚወቅሱትም ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ከተሞች ደጅ የሚያድርን መቅጣት ይችላሉ ብሏል፤ ስለዚህ ጭቅጭቁ ገና አላለቀም። በዚያው ዓመት ጥር በአንድ ሌሊት ቆጠራ በመላ አሜሪካ 771,480 ሰው ቤት አልባ ሆኖ ተገኝቷል። በካሜራ የሚያልቅ ቢሆን ካሜራ እዚህ አላነሰም።

አንድ አስቸኳይ ነገርም አለ፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚያድሩ አሉ። ከላይ ደንገጎ በኩል ሲዘንብ ከተማው ደረቅ እንደሆነ ጎርፉ በሌሊት ይደርሳል። የ1998ቱን የሐምሌ ሌሊት ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደብን። ያኔ ቤት የነበራቸው እንኳ ሞተዋል። ምንም ባንስማማ እንኳ ከሰኔ በፊት እነዚያን ልጆች ከአሸዋው የሚያነሳ የክረምት ማደሪያ እንከራይ።

የታይዋን ነጋዴ፣ ድሬዳዋ፦

እዚያ ሆኖ ማዘን ቀላል ነው። የኔን ሱቅ ቁልፍ የሰበረው ከሩቅ የመጣ አይደለም፣ ደጄ ላይ ያሳደርኩት፣ ምሳዬን ያካፈልኩት ልጅ ነው። ተያዥ ሁኑ እያላችሁ ነው፣ የጠፋውን ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፣ እናንተው ናችሁ የምታበላሹት። ክረምት ትመጣላችሁ፣ መኪና መስኮት ላይ ብር ትበትናላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ጆንያ ተሸክሞ ከሚያገኘው በላይ በልመና ያገኘ ልጅ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ለሸክም ብጠራው ጀርባውን ይሰጠኛል።

እህታችሁ፣ ቶሮንቶ፦

ስለ ሴቶቹ ማንም አልጻፈም። በረንዳ ላይ የማታዩአቸው ስለሌሉ አይደለም። ጎዳና በወጡ በሳምንቱ አንዷ ሰው ቤት ያለደሞዝ ትሠራለች፣ አንዷ መጠጥ ቤት ናት፣ አንዷ ደላላ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ሊወስዳት ተነጋግሯል። ድሬ መተላለፊያ ናት። የምትከራዩት ማደሪያ ለወንዶች ብቻ ከሆነ እኔ አላዋጣም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ስለ መታወቂያው ደግሞ፣ ፋይዳ በሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ላይ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል። መስካሪው ራሱ የተመዘገበ መሆን አለበት እንጂ ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አይጠይቅም። የቀበሌውን መታወቂያ አይተካም፣ ግን ስም ያለው ሰው ያደርጋል።

የከዚራ ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ፦

ፋይዳውን አላሰብኩትም ነበር። መብራትና ማደሪያ ቢባል እስማማለሁ። ካሜራውን ግን አልተውኩትም።

የደቻቱ ልጅ፣ ዴንቨር፦

የታይዋኑ ጋሼ፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም በድሬ ደንብ አንተ እልሃለሁ። ብር መበተኑ ላይ እውነትህን ነው፤ ማኅበራችን አባላቱ መንገድ ላይ ብር እንዳይሰጡ ቢያሳስብ ደስ ይለኛል፣ ፎቶውንማ መከልከል ነው። የጠፋውን ማን ይከፍላል ላልከው፣ ገንዘቡን የምፈልገው ለእሱ ነው። ለልጆቹ እጅ በእጅ አይሰጥም። እዚያው ሰፈር ያለ እድር ይይዘዋል። አንድ ነጋዴ ለሚያውቀው ልጅ ሲፈርም እድሩ ከኋላው ይቆማል፤ ልጁ ካጠፋ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ይከፍላል፣ ልጁም ከዚያ መዝገብ ይወጣል። ከዚሁ ላይ ልጁን ይዞ ወረዳው ድረስ ሄዶ መሸኛ ለሚያወጣ ሰው የመኪናና የውሎ አበል፣ ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ቤት ኪራይ። ማስቲሽ የያዘው ልጅ ለዚህ ገና አይሆንም፣ እሱ መጀመሪያ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ዋሽቼ ሁሉም ይድናሉ አልልህም።

ማን ይገባል የሚለውን የምትወስኑት እዚያ ያላችሁት ናችሁ፣ እኛ ከዚህ ሆነን ልጅ አንመርጥም። እህታችን፣ ለሴቶቹ ለብቻ ማደሪያ እንዲሆን ቅዳሜ አጀንዳ ላይ አስገብቼዋለሁ፣ አንቺ ራስሽ አቅርቢው። ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ብር የምታስቀምጥላቸውን ልጆች ጻፍልን። ቁልፍ የሰበረብህን ግን ለጊዜው ተወው፣ እሱ ላይ ገና ልንጨቃጨቅ ነው።