የሞተር ቁጥጥር ሥልጠና በሲሙሌሽን፦ የትኛው ሥራ ወደ ስክሪን ይሂድ፣ የትኛው ወርክሾፕ ይቅር?

አሠልጣኝ (ሜክሲኮ አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ነኝ። በአንድ ክፍል 28 ሠልጣኞች ቢኖሩኝም የሞተር ቁጥጥር መለማመጃ ቦርዶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ የሚሠራው ኮንታክተሩን (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) በካቻቢቴ እጀታ መታ ሲያደርጉት ነው። ስለዚህ የሞተሩን ጥቅሎች መጀመሪያ በስታር፣ ከዚያ በዴልታ እያገናኘ የመነሻ ከረንቱን ወደ ሲሶ የሚያወርደውን የስታር ዴልታ አነሳስ በነጻ በሚገኘው ካዴ ሲሙ በተባለ የመስመር መሳያና መሞከሪያ ሶፍትዌር ማስተማር ጀመርኩ። ሠልጣኞቹ መስመሩን ራሳቸው ስለው፣ ታይመሩ ከስታር ወደ ዴልታ ሲያሻግር በዓይናቸው ስለሚያዩ በሰሌዳ ሦስት ሳምንት ይፈጅብኝ የነበረው ትምህርት በአንድ ሳምንት ያልቃል።

ችግሩ የመጣው ወደ ቦርዱ ስንመለስ ነው። በስክሪኑ ላይ አንድም ስህተት ያልተገኘበት ጎበዝ ሠልጣኝ መስመሩን በትክክል ዘርግቶ ሞተሩን አስነሣ። በስታር ደህና ዞረ፤ ወደ ዴልታ ሲሻገር ግን ድምፁ ወፈረ፣ ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አጥፍተን የሞተሩን የስም ሰሌዳ ስናነብ 220/380 ቮልት ይላል። የእንዲህ ያለው ሞተር እያንዳንዱ ጥቅል የተሠራው ለ220 ቮልት ስለሆነ በእኛ 380 ቮልት መስመር ላይ በስታር ብቻ ነው መሥራት ያለበት፤ ለስታር ዴልታ አነሳስ 380/660 የተጻፈበት ያስፈልግ ነበር። ሞተሩን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ከልክ ያለፈ ከረንት ሲሳብ ሞተሩን የሚያጠፋው ኦቨርሎድም ከሚገባው አምፔር በላይ ተስተካክሎ ስለነበር ጥፋቱን በሠልጣኙ ላይ አላሳብብም። ነገር ግን የስክሪኑ ሞተር አይሞቅም፣ አይሸትም፤ ሠልጣኙም የስም ሰሌዳ የማንበብን ልማድ ከየት ያምጣው?

አሁን አስተዳደሩ የዓመቱን የመሣሪያ በጀት በሙሉ ለኮምፒውተርና ለሶፍትዌር ፈቃድ ለማዋል አስቧል። ምን ብዬ ልመልስ?

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ

መምህር፣ ለትብብር ሥልጠና ወደ እኛ የሚመጡ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ስለተቀበልኩ ከዚያ በኩል ያየሁትን ልናገር። የሚመጡት ልጆች ትክክለኛ መስመር ሲስሉ ጎበዞች ናቸው፤ የተበላሸ መስመር ግን ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም። የእኛ ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል ብልሽት ፍለጋ ነው። እኔ ሲሙሌተርን የምወደው እዚህ ላይ ነው። የስታርና የዴልታ ኮንታክተሮች በአንድ ጊዜ ከረንት ቢያስተላልፉ በሦስቱም ፌዞች መካከል ሾርት ይፈጠራል፤ ይህን በእውነተኛ ቦርድ ላይ ላሳይ የሚል አሠልጣኝ ቢኖር እኔ መጀመሪያ ከክፍሉ እወጣለሁ። በስክሪን ግን ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ኢንተርሎክ ነቅለው፣ የታይመሩን ኮንታክት አበላሽተው፣ የኦቨርሎዱን መስመር በጥሰው መስጠትና «ለምን አይነሣም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ስክሪን የማይሄደው ደግሞ ትንሽ የሚመስለው ነገር ነው። ሽቦ ካሠሩ በኋላ ሳብ አድርጎ መፈተሽ፣ ብሎኑ የያዘው መዳቡን እንጂ ፕላስቲኩን አለመሆኑን ማየት፣ መስመር ከመንካት በፊት ቴስተሩን ኃይል ባለበት ቦታ ሞክሮ፣ ከዚያ የጠፋውን መስመር ለክቶ፣ መልሶ ቴስተሩን መፈተሽ። ባለፈው ዓመት አንድ ተለማማጅ ቴስተሩን ኦም ላይ እንደተወው ኃይል ባለበት መስመር ላይ አስገባው። ፊውዙ ተቃጠለ እንጂ እጁ ተርፏል። በኮምፒውተር ላይ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ቁጥሩ ስህተት ነው ከመባል በቀር የሚደርስበት የለም።

በጀቱን በሙሉ አይስጡ።

የሲኤንሲ አሠልጣኝ

በእኛ ዘርፍ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ የብረት መቁረጫ ማሽኖች፣ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ጂ 00 የተባለው ትእዛዝ መቁረጫውን በሙሉ ፍጥነት ስለሚወስደው የአንዲት ቁጥር ስህተት መቁረጫውን ብረቱን ከያዘው መንጋጋ ጋር ያላትመዋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን በሲሙሌተር ሳያስሮጥ ማሽን የሚነካ ሠልጣኝ የለኝም። ብረቱ በደንብ አለመያዙን ግን ሲሙሌተሩ አይነግረንም። በእጅ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ከድምፁ ያውቃል፤ ስለዚህ አሮጌዋን ቶርኖ እንዳትወገድ ተከራክሬ አስቀርቻታለሁ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ (አምስት ኪሎ)

ለአስተዳደሩ በጽሑፍ የሚመልሱ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ቢያቀርቡ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር በሲሙሌሽን የተማሩ ተማሪዎች በእውነተኛ አምፖልና ሽቦ ከተማሩት ይልቅ ጽንሰ ሐሳቡን በተሻለ ተረድተዋል፤ እውነተኛ መስመር እንዲዘረጉ ሲጠየቁም በልጠው ተገኝተዋል። ይህ ለሲሙሌሽን ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ የባትሪና የአምፖል እንጂ የ380 ቮልት አልነበረም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 በሳንዲዬጎ የተሰበሰቡ የምህንድስና መምህራን ለቤተ ሙከራ ትምህርት 13 ዓላማዎችን ሲዘረዝሩ ከውድቀት መማርን፣ ደኅንነትን፣ የእጅ ክህሎትንና በስሜት ሕዋሳት መረጃ መሰብሰብን ለየብቻ አስቀምጠዋል። የእርስዎ የቫርኒሽ ሽታ የመጨረሻው ውስጥ ይገባል።

የበላይ አካላት በዚህ ጉዳይ የቦሌውን የአብራሪዎች ሲሙሌተር መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጠቀምባቸው ሙሉ የበረራ ሲሙሌተሮች ክፍላቸው የሚንቀሳቀስ፣ መሪያቸውና ቁልፋቸው የእውነተኛውን አውሮፕላን አምሳያ የያዘ ነው። በማውዝ የሚዘረጋ ሽቦ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

አሠልጣኝ (ሜክሲኮ አካባቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው ሁለት የ380/660 ሞተሮችና የሦስቱ ቦርዶች ኮንታክተሮች እንዲገዙ ጠይቄ፣ ከዚያ የተረፈው ለኮምፒውተር እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ። በሲሙሌሽኑም ከእንግዲህ ንጹሕ ፋይል አልሰጥም፤ የተበላሸ መስመር ከአንድ የስም ሰሌዳ ፎቶግራፍ ጋር እሰጣለሁ፣ የኦቨርሎዱን አምፔር ከሰሌዳው አንብቦ ያልጻፈ ወደ ቦርዱ አይቀርብም። ያንን ሞተር ደግሞ ሽፋኑን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የሰኞው ክፍል ጥቅሎቹን በኦም ይለካቸዋል።

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ

ኦም ብቻውን ያታልላችኋል፤ መዳቡ ሳይበጠስ የሸፈነው ቫርኒሽ ብቻ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። የሽፋኑን መከላከያ በሚለካ የ500 ቮልት ሜገር ጥቅሎቹን እርስ በርስና ከሞተሩ አካል ጋር ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ መልሳችሁ እንዳታስነሡት። ሜገር ከሌላችሁ የእኛን ማዋስ እችላለሁ።