የደራሲያንን መጽሐፍ የማስተዋወቅ ሥራ ልንጀምር ነው፤ ክፍያው እንዴት ይሁን?

የከዚራ ልጅ

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። እኔና ሁለት ጓደኞቼ፣ ሦስታችንም ሴቶች፣ ድሬዳዋ ላይ የደራሲያንን መጽሐፍ የማስተዋወቅ ሥራ ልንጀምር ነው። አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራለች፣ አንዷ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ እኔ ደግሞ ሰው ማነጋገሩና ማስተባበሩ ላይ ነኝ። እዚህ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ግን ደራሲው ከኪሱ አውጥቶ አዲስ አበባ ያሳትማል፣ ጭኖ ያመጣል፣ አዳራሽ ተከራይቶ ያስመርቃል፣ የዛን ዕለት ዘመድ ወዳጅ ይገዛለታል፣ የቀረው ካርቶን አልጋ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ የሚያወራ የለም። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄዬ ክፍያው ላይ ነው። ያነጋገርናቸው ደራሲዎች "ከተሸጠው ላይ ፐርሰንት ውሰዱ" ይሉናል። ለአንድ ደራሲ እንደዚያ ሠርተንለት ነበር፤ መጽሐፉ በደንብ ተወራለት፣ ሒሳብ ስንጠይቅ ግን "ገና ከመደብር አልተመለሰልኝም" አለን፣ እስካሁንም ምንም የለም። ቁርጥ ዋጋ ስንል ደግሞ "ለማውራት ነው ብር የምከፍለው?" የሚል አለ። ሴቶች ስለሆንን ይሁን አላውቅም፣ ሥራችንን እንደ ውለታ ያዩታል። የምታውቁ ንገሩን።

መጽሐፍ ሻጩ

እህቴ፣ ፐርሰንቱን ተዪው። ከመደብር በኩል ያለውን ልንገርሽ። እኛ አብዛኛውን መጽሐፍ የምንረከበው ሲሸጥ ለመክፈል ነው። ደራሲው 50 ኮፒ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ከወራት በኋላ መጥቶ ይቆጥራል፣ የእኛን ድርሻ ቀንሰን የተሸጠውን እንሰጠዋለን። ሌላው ደግሞ አዟሪ እጅ ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ አከፋፋይ ጋ ነው። ስንት እንደተሸጠ ደራሲው ራሱ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱ የማያውቀውን ቁጥር እናንተ ከየት ታመጡታላችሁ?

ሥራችሁን ዘርዝሩና ዋጋ አውጡለት። ስንት ቪዲዮ፣ ስንት የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ፣ ምረቃ ማዘጋጀት አለበት ወይስ የለበትም፣ ለስንት ወር። ግማሹን ሲጀመር ተቀበሉ። ይሄን ያህል ኮፒ እናሸጥልሃለን ብላችሁ ግን በፍጹም ቃል እንዳትገቡ።

ሌላው፣ ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት ለመደብሮች ደውሉ። ሰው ቲክቶክ ላይ አይቶ ይመጣል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ የለም፣ ይሄዳል፣ ሁለተኛ አይመለስም። እንዲህ ሲሆን በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ከጀጎል

ሻጩ ያለው ልክ ነው፣ ግን የደራሲውንም ጉዳይ እዩልን። እኔ ሐረር ነኝ፣ እጽፋለሁ። ሕትመት ውድ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ኪሴ ባዶ ነው፣ እናንተ ደግሞ የምትመጡት ያኔ ነው! ለማውራት አልከፍልም የሚለው ሰው ግማሹ ንፉግ ሆኖ አይደለም፣ ብሩን ማተሚያ ቤት ጨርሶት ነው። ስለዚህ ረቂቁ ሳለ ኑ። ሽፋኑን አብረን እንምረጥ፣ የጀርባውን ጽሑፍ እዩልኝ፣ ለአንባቢ በቴሌብር ቅድመ ሽያጭ ክፈቱልኝ። 1000 ኮፒ ላሳትም አስቤ ከሆነ 800 አሳትሜ የተረፈውን ለእናንተ ልመድበው እችላለሁ። አልጋ ሥር ከሚተኛ 200 ኮፒ ያ ይሻለኛል።

ሰዓትም እንዳትረሱ። ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ምረቃ የሚጠራ ሰው አለ፣ በዚያ ሙቀት! ከምሳ በኋላ ብዙው ሰው በርጫ ላይ ነው ወይ ተኝቷል። ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። በረመዳን ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ሰው አማክሩ፣ አፍጥር ሰዓት ላይ የሚመጣ የለም። ስለ ሐረር የተጻፈ መጽሐፍ ከያዛችሁ ለሸዋል ኢድ አድርሱት። በዓሉ በ2016 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ወሬው ሰፍቷል፣ ከውጭም ከአገር ውስጥም ሰው ይመጣል፣ የመጣው ደግሞ ስለ ከተማው የሚያነበው ነገር ይፈልጋል።

መጽሐፉ በአማርኛ ቢሆንም ማስታወቂያውን በኦሮምኛና በሶማሊኛም ሥሩት። እዚህ ሰው በአንዱ ያወራል፣ በሌላው ያነባል።

ሰነድ አዋቂ

ልጆች፣ እኔም ሴት ነኝ፣ የሒሳብ ሥራ ነው የምሠራው። ውለታ የሚለውን ነገር የሚቆርጠው ውልና ደረሰኝ ነው። ሦስት ስለሆናችሁ ማኅበር መሥርቱ፣ ቲን አውጡ፣ የማስታወቂያ ሥራ ንግድ ፈቃድ ያዙ። የማስታወቂያ አዋጁን 759/2004ንም አንብቡት፣ አጭር ነው። በመካከላችሁም ማን ምን እንደሚሠራና ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል ዛሬ ጻፉት፣ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አትለፉት።

ከደራሲው ጋር በምትፈራረሙት ላይ ከመጽሐፉ የቱን ክፍል አንብባችሁ መልቀቅ እንደምትችሉ ይጻፍ። በቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ሥራውን ለሕዝብ የማቅረብ መብት የደራሲው ነው፤ አንድ ምዕራፍ ሙሉ በድምፅ አንብባችሁ ዩቲዩብ ላይ ብትጭኑና ቢከፋው መብት አለው። የማታ ዝግጅት ካለ ደግሞ የኮንትራት ባጃጁን ሒሳብ ዋጋው ውስጥ አስገቡ። ማታ ሦስታችሁም ቤታችሁ በሰላም መግባታችሁ የሥራው ወጪ ነው፣ ከራሳችሁ ኪስ አታውጡት።

የከዚራ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ወላሂ ብዙ ነገር ገባኝ። በቁርጥ ዋጋ እንሄዳለን፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ ከሕትመት በፊት ለመጡ ደግሞ ክፍያውን በሁለት ሦስት ጊዜ እንከፋፍልላቸዋለን። የመጀመሪያ መጽሐፏን ለምታወጣ ሴት ግን ቅናሽ እናደርጋለን፣ በዚህ ተስማምተናል፣ ማንም አያስቀይረንም።

መጽሐፍ ሻጩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መደርደሪያ ላይ ስንት ኮፒ እንደቀረ በየሳምንቱ ብትነግሩን ቪዲዮውን በዚያ ልክ እንለቃለን። ይቻላል?

መጽሐፍ ሻጩ

ይቻላል። ግን ሒሳቡ የደራሲው ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ደውሎ ይፍቀድልኝ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መልእክት ላኪልኝ፣ ቆጥሬ እነግርሻለሁ።