የውጅግራዬ ጥይት ከ6ኛው ተኩስ ጀምሮ ይበተናል

ያለኝ የ1874 ሞዴል የፈረንሳይ ውጅግራ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ቀለሁን የምሞላው ራሴ ነኝ፤ በጥቁር ባሩድ ብቻ (ጭስ አልባውን ለዚህ አዛውንት ብረት አላስጠጋም)፣ በወረቀት ከተጠቀለለ ለስላሳ እርሳስ ጋር።

በ100 ሜትር የመጀመሪያዎቹ 5 ጥይቶች መዳፍ በሚያህል ቦታ ያርፋሉ። ከ6ኛው በኋላ ግን ይበተናሉ፤ ዒላማው ላይ ቀዳዳው ሞላላ ነው፣ ጥይቱ በጎኑ እየመታ ነው ማለት ነው። በርሜሉን ሳየው ከአፈሙዙ በኩል አንድ ስንዝር ያህሉ በደረቀ ጥቀርሻ ተሸፍኗል። የእርሳስ ቅሪት የለም።

በእርጥብ ጨርቅ ስወለውለው ይስተካከላል፤ እኔ ግን ሳልወለውል 10 መተኮስ እፈልጋለሁ። ጥቀርሻውን እንዲያለሰልስልኝ ሰምና ሞራ እኩል ቀላቅዬ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ከጥይቱ ሥር፣ በሁለት ካርቶን መሃል አስገባሁ። እስከ 8ኛው ደረሰልኝ፣ ከዚያ ያው ሆነ። አሁን የክቡን ውፍረት ልጨምር ወይስ የሞራውን ድርሻ?