ለኮራል መትከያ የሚሆን ፍሬም ድሬ ላይ ለማስበየድ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚሠሩ የጅቡቲ ዓሣ አጥማጆች የተሰባበረባቸውን የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩትን አለት) መልሰው ሊተክሉ ነው። የኮራሉ ቁራጮች የሚታሰሩበትን የብረት ፍሬም እዚህ ድሬ አስበይደን በባቡር እንድንልክላቸው ጠይቀውናል፤ ለጊዜው 40። ስንት ቁጥር ፌሮ ይሁን? በያጁ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ይሁን ይላል፤ የመርከብ ቀለም ይቀባ የሚሉም አሉ። ማን ልክ ነው?

ብረትና ብየዳ፦
ሁለቱም አይሆንም። የመርከብ ሆድ የሚቀባው ቀለም መዳብ አለበት፤ ሥራው ባሕር ውስጥ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ እንዳይጠጋ ማድረግ ነው፣ ኮራል ደግሞ ተለጣፊ እንስሳ ነው። ጋልቫናይዝድ ሲበየድ ዚንኩ መገጣጠሚያው ላይ ይቃጠልና ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል፤ ጭሱም በያጁን ያሳምማል።

ጥቁሩን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ግዛ። ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፦ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር፣ መሃሉን የሚያቋርጡ 3 ዘንጎች ባለ 90፣ ወደ ውጭ የተከፈቱ 6 እግሮች ባለ 30። አንዱ 7.2 ሜትር ይፈጃል፣ 4.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከ5 ባለ 12 ሜትር ፌሮ 8 ይወጣል፤ ለ40ው 25 ይበቃል፣ ትርፉ ግን ጥቂት ስለሆነ ቆራጩ ቀድሞ ይለካ።

ዋናው ሥራ ቅቡ ላይ ነው። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፍ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ቅብ) ቀባና ሳይደርቅ አሸዋ ላይ አንከባለው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይሆናል፤ ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠብ፣ ይነፋ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ አፈር ካለበት ቅቡ ይረግፋል። አሸዋው ለኮራሉ ሻካራ መያዣ ይሆነዋል። ሳምንት ሳይሞላው አትጫን። መንገድ ላይ የተላጠው የሚጠገንበት ኢፖክሲም አብሮ ይሂድ።

ጠላቂው፦
አንድ ፍሬም 15 ቁራጭ ይይዛል፤ ቅርንጫፋም ዝርያ፣ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። መጀመሪያ ተሰብሮ የወደቀውን ልቀሙ። ከቆመው መቁረጥ ግድ ከሆነ ከአንዱ ከ10 በመቶ አይለፍ፣ ከብዙ እናቶችም (ቁራጭ ከሚወሰድባቸው ኮራሎች) ይሁን፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ከሆነ አንድ ሙቀት ጠራርጎ ይጨርሰዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ ሁለት ቦታ ይጥበቅ። የሚነቃነቅ ቁራጭ ብረቱን በፍጹም አይዝም፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬሞቹ እርስ በርስ ይታሰሩ፣ ዳር ያሉት በችካል ይመቱ።

ከሰኔ እስከ መስከረም አትትከሉ። ውሃው ከሞቃቱ ወር ልክ በ1 ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ ምግቡን የሚያገኝበትን አልጌ ከውስጡ አስወጥቶ ይነጣል፤ ቁስለኛ ቁራጭ ያንን አይችልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላል። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ብረቱ ላይ የሚበቅለውን ሌላ አልጌ በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ ሥጋውን የሚበላውን ቀንድ አውጣ በእጅ ልቀሙ።

የከዚራ መምህር፦
ሪፉን የሰበረው ምንድን ነው? ይህ ሳይታወቅ 40 አታስበይድ። ፍሬም የሚጠቅመው ወለሉ ተንከባላይ ስብርባሪ ሲሆን ነው። ደቡብ ሱላዌሲ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፈንጂ ባደቀቀው ወለል ላይ የተተከለው በ4 ዓመት ከጤነኛው ሪፍ እኩል ማደግ እንደ ጀመረ በ2024 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ችግሩ ደለል ወይም ፍሳሽ ከሆነ ግን ብረቱ ምንም አያደርግም።

አጥማጆቹ ራሳቸው ይስማሙ፦ እዚያ መልሕቅ አይጣልም፣ አልጌ የሚግጡትን ዓሦች አያጠምዱም። የሚጠርገው ሰው አበል ከአሁኑ ለሁለት ዓመት ይያዝ። የአብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ክትትል ከ18 ወር በታች መሆኑን በ2020 የወጣ ግምገማ ጽፏል፤ ልፋቱ ሁሉ ያለ ጠባቂ ሲቀር ያሳዝናል። ፈቃዱ ደግሞ ከጅቡቲ መንግሥት ነው፤ ሕያው ኮራል ለማሳያ ብላችሁ ወደ ድሬ አታምጡ፣ ድንበር የሚያሻግር ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

የሳቢያን ልጅ፦
መልሕቅ ነው ይላሉ። እንግዲህ መጀመሪያ 8 ብቻ አሠራለሁ፣ በመልሕቅ ፈንታ ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ ማሰሪያም እንዲተክሉ እነግራቸዋለሁ። ድብልብሉ ኮራልስ እንዴት ይሆናል?

ጠላቂው፦
እሱ ፍሬም አይፈልግም። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በወፍራም ሱፐር ግሉ ሲሚንቶ ክብ ላይ ይለጠፋል፤ የአንድ እናት ቁራጮች ተቀራርበው ሲቀመጡ መልሰው ይዋሐዳሉ። ክቡን ከድሬ ሲሚንቶ ልታስወጣው ትችላለህ፤ ሲሚንቶው የሚሠራበት የኖራ ድንጋይም ቢሆን በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ግን አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋልና 28 ቀን ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ውሃውም በየሦስት ቀኑ ይቀየር።