ሼርሎክ ሆምስን ከየት ልጀምር? የሚስቴስ መጽሐፍ?

እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ከመጽሐፍ አዟሪ የልቦለዱን መርማሪ የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች የያዙ ሁለት ጥራዞች ገዛሁ። የአንደኛው መጨረሻ ላይ ሰውዬውን ስዊዘርላንድ ውስጥ ፏፏቴ በላው። ሁለተኛውን ስገልጥ ለንደን ውስጥ ፍንጭ ሲለቅም አገኘሁት! ለካ ደራሲው ኮናን ዶይል በ1893 እ.ኤ.አ. ገድሎት፣ አንባቢ ሲያስቸግረው መልሶ አምጥቶታል። የባስከርቪሉ ውሻ ታሪክማ ጭራሽ ግራ አጋባኝ፤ የታተመው ከሆምስ ሞት በኋላ፣ ታሪኩ ግን ከሞቱ በፊት። 4 ረጅም ልቦለድና 56 አጭር ታሪክ በምን ቅደም ተከተል ይነበባል? በ1887 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከመጀመሪያው ልቦለድ ልጀምር ወይስ ከአጫጭሮቹ?

ሁለተኛው ጣጣ የቤት ነው። እኔ ሌሊቱን ነፍሰ ገዳይ ሳሳድድ፣ ባለቤቴ የጋሪ ቻፕማንን የአምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች መጽሐፍ (ሰዎች ፍቅርን ስለሚገልጹባቸው አምስት መንገዶች የሚያወራውን) ትራሴ ላይ አስቀምጣልኝ ተኛች። ምንም አላለችም። አብሮ ጊዜ ስለማሳለፍ የሚያወራው ምዕራፍ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ችግሩ መጽሐፉ ያገለገለ ነው። ያሰመረችው እሷ ትሁን የድሮው ባለቤት አላወቅኩም። መስመሩን በባትሪ ሳይ አመሸሁ (አትሳቁ)፤ እርሳሷንም ከመሳቢያ አውጥቼ አስተያየሁ። ምንም ፍንጭ የለም።

አሁን ዝም ብዬ ላንብበው ወይስ በቀጥታ ልጠይቃት? የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሦስተኛ ቀኔ ነው።