የአልፕስ ጄንቲያና በሐረር፦ ለጉባኤ የምናቀርበውን ዕቅድ እናስተካክል

አስተባባሪ፦
ረቂቁ ይህ ነው። ጄንቲያና የሚባለውን የተራራ አበባ ሁለት ዝርያ፣ አካውሊስንና ሲኖ ኦርናታን፣ በሐረርና በድሬዳዋ መደብ ላይ እንተክላለን፤ ዘሩን ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ እንዘራለን። አካውሊስ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ከ1,400 እስከ 3,000 ሜትር ስለሚበቅል የሐረር ከፍታ (ወደ 1,900 ሜትር) ይመጥነዋል። አስተያየታችሁን ጻፉ።

የችግኝ ክፍል፦
ጋሼ፣ ከፍታው ብቻውን አያስኬደንም። እዚያ ተክሉ ለወራት በረዶ ተጭኖት ይተኛል፤ እኛ ዘንድ ግን ሥሩ ዕረፍት የለውም። ዘሩም ብርድ ካላገኘ አይነቃም። ሰኔ ይሰረዝ። ዘሩ በአገሩ የሚደርሰው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ሲከርም የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። የዚያኑ ዓመት ዘር ከነዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ጥቅምት ላይ እንረከብ፤ የማስገቢያ ፈቃዱ ቀድሞ ይጠየቅ።

አዘራሩ በዕቅዱ በዝርዝር ይግባ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አፈር አይልበስ። በረጠበ አፈር ላይ ይበተን፣ ፖቱ በላስቲክ ይሸፈን፣ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ። ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ የሐረር ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ችግኙ ሳይሞቀው ይጀምራል። ውሃ ከላይ ከፈሰሰበት ዘሩ ታጥቦ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ፖቱ ትሪ ላይ ተቀምጦ ከሥር ይጠጣ። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ ግን ችግኙ ከአንገቱ ይበሰብሳል።

የድሬዳዋ አባል፦
ድሬዳዋን አውጡልን። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም አይበርድም። ዳስ ፀሐይን ይከለክላል እንጂ የሌሊቱን ሙቀት አያወርድም። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ የሚጠራቀምበትን የሮቶና የቧንቧ ወጪ ግን እኛ እንቻል።

የጀጎል አባል፦
ሮቶው ግድ ነው። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አካውሊስ ኖራ ይችላል። ሲኖ ኦርናታ ግን በኖራ አፈር ብረት መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ሒሳቡ እነሆ፦ 40 ፖት እያንዳንዱ በሁለት ቀን አንዴ ግማሽ ሊትር ቢጠጣ በቀን 10 ሊትር፣ በ4 የበጋ ወራት 1,200 ሊትር ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በጀጎል ፖቶቹን ከግንብ ጥግ አታስጠጉ። ግንቡ በኖራ ይቀባል፣ ኖራው እየተፈረፈረ አፈሩ ላይ ይወድቃል፤ ከሰዓት በኋላም ሙቀቱን ወደ ተክሉ ይመልሳል። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ ቦታ ይመረጥ።

የችግኝ ክፍል፦
እንግዲያው ሲኖ ኦርናታ ይቅር። 25 ፖት ሴፕተምፊዳ ይሁን፤ ከጄንቲያናዎች መካከል ለአትክልተኛ ገር ከሆኑት አንዱ እሱ ነው። 15 አካውሊስ። የፖቱ ጥልቀት ከ20 ሴንቲ አይነስ፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። አፈሩ 2 እጅ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ 2 እጅ ሻካራ አሸዋ። አሸዋው ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ፤ ከፈላ ኖራ አለበት። አካውሊስ ሲተከል አፈሩ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ይጫን፤ ልል አፈር አይወድም።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። መደቡ በፖት፣ ሰኔው በጥቅምት ተተክቷል፤ ድሬዳዋ ወጥታለች። የውጤት መለኪያው ግን «በመጀመሪያው ዓመት 40 አበባ» ይላል።

የችግኝ ክፍል፦
እሱ ይቀየር። ከዘር የተነሳ ጄንቲያና ለማበብ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈልጋል፤ አካውሊስ ደግሞ በአውሮፓ አትክልት ቦታ እንኳ ቅጠሉን አንጥፎ አበባ የሚከለክልበት ጊዜ አለ። መለኪያው «በሁለተኛው ዓመት ሰኔ መጨረሻ በሕይወት ያለ ፖት ብዛት» ይሁን፤ ሞቃቱን ወቅት ያለፈው ስንቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ይቆጠራል።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። የፍሪጁን ቦታ የሚሰጥ አባል እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ።